ከልጆች ጋር ለምሳ ስንጠራራ ልጁን የሚጠብቀው ማነው?

ደሴና ኮምቦልቻ የምንኖር ወላጆች በምንወያይበት መድረክ ላይ ያነሣሁት ሐሳብ አጭር ነበር። ትንንሽ ልጆች ይዘን ወዳጅ ቤት ምሳ ስንጠራ የልጁ ጠባቂ ጠሪው ሳይሆን ይዞት የሄደው ወላጅ ነው፤ ደጃፉን ከተሻገርንበት ጊዜ አንሥቶ ተሰናብተን እስክንወጣ ድረስ ከእናትና ከአባት አንዱ ዓይኑን ከልጁ ላይ ማንሣት የለበትም፤ ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚጠብቅም ባልና ሚስት ከቤታቸው ሳይወጡ ሊነጋገሩበት ይገባል የሚል ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በብዙ ቤት የማየው ነገር ነው። እንግዶቹ ጫማቸውን አውልቀው መጅሊሱ ወይም ሶፋው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ልጆቹ የማንም ይሆናሉ። እናቶች እናግዝሽ ብለው ማድ ቤት ይገባሉ፣ አባቶች ጨዋታ ይይዛሉ፣ የቤቱ ልጅ ከእንግዳው ልጅ ጋር በአንዲት መጫወቻ መኪና ይጣላል፤ ጀበናው ደግሞ ከሰል ላይ ተጥዶ ወለሉ ላይ ነው። ሁሉም ሌላው ያያል ብሎ ያስባል። ይሉኝታ ስላለብንም ጋባዡ ልጅህን ያዝልኝ አይልም፣ እንግዳውም ልጄ የት ነው ብሎ ጨዋታ አያቋርጥም። ስለዚህ ሌሎች ወላጆች ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅሁ። መልሱ ብዙ ነው፤ በመጣበት ቅደም ተከተል፣ ጠቃሚ በመሰለኝ ላይ ረዘም እያልሁ አቀርበዋለሁ።

የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ ከደሴ፣ ሆጤ ከሚባለው ሠፈር የጻፈች እናት ናት። በሐሳቡ እንደምትስማማ ገልጻ፣ ነገሩ ግን ከደጃፍ ሳይሆን ከስልክ መጀመር እንዳለበት አከለች። ለእሑድ ምሳ ስትጠራ ዐርብ ዕለት ደውላ ስንት ልጆች ይዛ እንደምትመጣ፣ ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ፣ በርበሬ የማይበላው የትኛው እንደሆነ ትናገራለች፤ ራሷ ስትጠራም ይህንኑ ትጠይቃለች። ሁለት ሰው ጠርቶ ስድስት ሰው የመጣበት ቤት እንጀራው ባያልቅበት እንኳ መቀመጫው እንደሚያጥረው፣ ጋባዧም በዚህ ተጨንቃ ፊቷ ቢጠቁር እንደማይፈረድባት በጨዋ አንደበት አስረዳች። ከሁሉም መልሶች መካከል ነገ ጀምሮ ሊሠራ የሚችለው ይህ ይመስለኛል።

2ኛው መልስ ከኮምቦልቻ የጻፈ አባት ነው። በመሠረተ ሐሳቡ ተስማምቶ መንገዱን አነሣ። ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዙ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣበት ስለሆነ ብዙ ትንንሽ ልጆች መኪና ውስጥ ያስመልሳቸዋል። እንዲህ ተዳክሞ ከሙቀት ወደ ብርድ የመጣን የ3 ዓመት ልጅ በር ላይ ተቀብሎ ሁሉንም ሳም፣ ስምህን ተናገር፣ ና ብላ እያሉ ማዋከብ እንደማይገባ፣ ውሃ ጠጥቶና ጥቂት ዐርፎ ራሱ እስኪጠጋ ድረስ እንዲተዉት ጋባዦችን ለመነ። ሹራብና ቅያሪ ልብስ መያዝ የእንግዳው ድርሻ መሆኑንም አልዘነጋም፤ በስስ ልብስ ከታች የመጣ ልጅ ደሴ ሲደርስ የቤቱ ልጅ ሹራብ ተፈልጎ የሚለብስበት ጊዜ ቀላል አይደለም።

በ3ኛው መልስ አንዲት አንባቢ ርእሱ በመነሣቱ አመስግና አለፈች።

ክርክሩን የከፈተችው 4ኛዋ ናት። የ5 ዓመት ልጇ ከሁለት ከሦስት ዓይነት ምግብ በቀር አይቀምስም። ስለዚህ የትም ቤት ስትጠራ ለእርሱ የሚሆነውን በምሳ ዕቃ ቋጥራ ትሄዳለች፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አንዳንድ ጋባዦች ምሳ ዕቃውን ሲያዩ ፊታቸው እንደሚለወጥ አስተውላለችና ነውር ሠርታ እንደሆነ በቅንነት ጠየቀች።

5ኛዋ መልስ ሰጪ ከደሴ አራዳ የጻፉ፣ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው። አነጋገራቸው የተከበረ ቢሆንም አቋማቸው ጠንካራ ነው። አንዲት ሴት ከንጋት ጀምሮ ሽንኩርት ስታቁላላ፣ ዶሮ ስትገነጥል፣ በሎሚና በጨው ስታጥብ ውላ ያሰናዳችውን ገበታ ከውጭ በመጣ ምግብ መቅደም ቤቷን አለማመን ነው ብለው ያምናሉ። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚባለው ለጋባዥ ብቻ ሳይሆን ለእንግዳም እንደሚሠራ፣ የእንግዳ ፊትም በቀረበለት ነገር መደሰቱን ማሳየት እንዳለበት አሳሰቡ። ልጅ ሲርበው የቀረበለትን ይበላል፤ የማይበላው አማራጭ እንዳለው ስለሚያውቅ ነው የሚል ነው ማጠቃለያቸው።

6ኛው መልስ ይህን ተቃወመ። ጸሐፊዋ እንደምትለው፣ በርበሬ ያልለመደ ልጅ ቀይ ወጥ ፊት አስቀምጦ ሲርበው ይበላል ማለት ልጁን አስለቅሶ የሁሉንም ምሳ ማበላሸት ነው። ከዚያ ይልቅ ቀድሞ ተነግሮ አንድ ድስት የድንች አልጫ ወይም ፓስታ ቢሠራ የማንም ክብር አይነካም። ከመልሷ ጥንካሬ የምሳ ዕቃው ነገር በራሷም ላይ ደርሶ እንደነበር ይገመታል።

7ኛዋን መልስ ሰጪ ለብቻዋ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጋባዥ እንጂ ተጋባዥ አለመሆኗን ጽፋለችና። ቅር የሚያሰኛት ምሳ ዕቃው ሳይሆን በድንገት ከቦርሳ መውጣቱ ነው። በስልክ የተነገራት ከሆነ ራሷ ታሞቅለታለች። ሌላም ማንም ያላሰበውን ነገር አነሣች። እንግዳው ልጅ ከምሳ ዕቃው ብስኩትና ሙዝ ሲያወጣ የቤቱ ልጅ ያያል፣ ያየውም ያምረዋል፣ ሰጠኝ አልሰጠኝም ተብሎ ጠብ ይነሣል፤ ስለዚህ ለልጁ የሚይዝ ሰው ለቤቱ ልጆችም የሚበቃ ይያዝ አለች። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ምሳ ዕቃ ስድብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ግማሹ የተፈታ መሰለኝ።

8ኛው መልስ ከምግብ አክብሮት ወደ ምግብ አደጋ ወሰደን። በሕፃናት ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ መሆኗን የገለጸች እናት፣ ለእንግዳ ልጅ ከመስጠት በፊት ወላጁን መጠየቅ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ መሆኑን ዘርዝራ ጻፈች። 6 ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ጣት የተነከረበት ወጥም ሆነ ውሃ አያስፈልገውም። 1 ዓመት ያልሞላውን ማር ማላስ ፈጽሞ አይገባም፤ በማር ውስጥ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር በጨቅላ አንጀት ውስጥ ተባዝቶ ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ለቡና ቁርስ የሚቀርበው ቆሎና ኦቾሎኒ ደግሞ 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ መንጋጋው በደንብ አያደቅምና እየሮጠ ወይም እየሳቀ ሳለ ፍሬው ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል። የቆሎ ሳህን ከረከቦቱ ጎን በትንሽ በርጩማ ላይ፣ ልክ በሁለት ዓመት ልጅ እጅ ቁመት እንደሚቀመጥ አስተውላችሁ ከሆነ የምትለው ይገባችኋል።

ነርሷ በዚያው መልስ ስለ ከሰል ጻፈች። የደሴ ብርድ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲበረታ መስኮት ይዘጋል፣ ቡናው የተፈላበት ምድጃ ለሙቀት ወደ ውስጥ ይገባል፣ እንቅልፍ የመጣባቸው ልጆችም ጓዳ ውስጥ ይተኛሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ልጅ ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ልጅህን ጓዳ አስተኛው የሚል ግብዣ ሲቀርብ እንግዳው ተነሥቶ ክፍሉን ማየት፣ ምድጃ ካለ ይውጣ ማለት መብቱ ነው፤ ጋባዡም እንደ ንቀት ሊቆጥረው አይገባም። እኔ ከዚህ አልፌ ግዴታው ነው እላለሁ። በይሉኝታ የሚታለፉ ነገሮች አሉ፤ ይህ ከእነርሱ አንዱ አይደለም።

በ9ኛው መልስ አንድ አባት በቡና የተቃጠለ ልጅ ላይ የጥርስ ሳሙና መቀባት እንደሚያበርድ መከረ። 10ኛው መልስ ነርሷ ራሷ ተመልሳ የሰጠችው እርማት ነው። የጥርስ ሳሙናም፣ ሊጥም፣ ቅቤም ሙቀቱን ቆዳ ውስጥ ከማቆየትና ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር ጥቅም የላቸውም። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፣ ቧንቧው ከሌለ ከጀሪካን ቀስ እያሉ ማውረድ፣ ውሃ የቋጠረውን አለማፈንዳት፣ ፊት ወይም እጅ ከሆነ አለዚያም ሰፋ ካለ ወዲያው ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። አባቱ እርማቱን በአክብሮት ተቀበለ።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ የተረጋጋ ነበር። 11ኛው መልስ ሲመጣ ድምፁ ተለወጠ። ሳላይሽ ሠፈር እንዳደገ የሚናገር ሰው፣ በልጅነቱ ያጠፋውን ልጅ ያየው ጎልማሳ ሁሉ ይቆነጥጠው እንደነበር፣ እናቱም ሰምታ በላዩ ላይ ትጨምርበት እንደነበር አስታወሰ። የዛሬ ወላጆች ልጃቸው የሰው ሶፋ ላይ በጫማ ሲዘል እያዩ ፈገግ ይላሉ፣ ባለቤቱ ተው ሲለው ግን ይኮሳተራሉ ሲል ከሰሰ። በእርሱ እምነት፣ በቤቱ ያጠፋን ልጅ መቆንጠጥ የባለቤቱ መብት ነው።

12ኛዋ መልስ ሰጪ በቁጣ ጻፈች። ልጇን የነካ ሰው ቤት ዳግመኛ እንደማትረግጥ፣ እንግዳ መሆን ልጅን ለሌላ ሰው እጅ መስጠት አለመሆኑን ከገለጸች በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጹ ልጅን መምታት ከልክሏል አለች። በ13ኛው መልስ ሕግ የተማረ የሚመስል ሰው ይህን በትሕትና አረመ። አንቀጹ ሕፃናት ከአካላዊ ቅጣት እንዲጠበቁ የሚደነግገው በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ እንደሆነ፣ የግለሰብ ቤትን በስም እንደማይጠራ ገለጸ። ሆኖም አንቀጹ ቤቱን አልጠቀሰም ማለት ጋባዡ በእንግዳ ልጅ ላይ እጁን እንዲያነሣ ተፈቅዶለታል ማለት እንዳልሆነ አክሎ፣ የመቅጣት ጥያቄ ቢነሣ እንኳ ወላጁ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ሌላ ሰው የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም ሲል ደመደመ።

እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ባለቤት ሊያስቆም ይችላል፣ ሊቀጣ ግን አይችልም። ልጁ ወደ ምድጃው ሲሮጥ ማንም ይያዘው፤ የቤቱን ልጅ ሲነክስ ማንም ያላቅቃቸው፤ ሶፋው ላይ በጫማ ሲወጣም ባለቤቱ እዚህ ቤት ሶፋ ላይ አይዘለልም ይበለው። ከዚያ ያለፈው የወላጁ ነው። በ11ኛው ጸሐፊ ቅሬታ ውስጥ ግን እውነት እንዳለ አልክድም። ባለቤቱ ለመቆንጠጥ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ወላጁ አይቶ እንዳላየ ሲሆንበት ነው። ወላጁ በጊዜው ተነሥቶ ልጁን ዝቅ ብሎ ቢያናግረው የመቆንጠጥ ክርክር አይነሣም ነበር።

14ኛው መልስ ከጉዳዩ ወጣ አለ። አንድ አዛውንት፣ የወሎ ሰው እንግዳ ማብላት የሚያውቅበት መሆኑን ለማሳየት ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ አነሡ፤ በዚያ የሚበላውን ግብርና የሰውን ብዛት በሰፊው ጻፉ። ንባቡ ያስደስታል። 15ኛው ጸሐፊ ግን ትዕግሥቱ አልቆ፣ የንጉሥ ግብር ሰፊ መሆኑ የሁለት ዓመት ልጅ ጀበና እንዳይገለብጥ እንደማያደርግ ጻፈ። ቃሉ ለአንድ አዛውንት የሚባል ስላልሆነ እንዲያለሰልሰው ጠየቅሁት፤ አለሰለሰውም።

16ኛው መልስ ለእኛ አገር ከሁሉም የቀረበ ነው። ከሸዋ በር የጻፈች ሙስሊም እናት የልጇ የቅርብ ጓደኛ ክርስቲያን መሆኑን፣ ሁለቱ ቤተሰቦችም በበዓል የሚጠራሩ መሆናቸውን ገለጸች። ትልቅ ሰው ሲጠራ ችግር የለም፤ ሥጋው በማን እንደታረደ ሁሉም ያውቃል፣ ጋባዡም አስቀድሞ ያዘጋጃል። ልጅ ግን አያውቅም። ከጓሮ ሲጫወት ውሎ ሲርበው ከቤቱ ልጅ ሳህን ይጎርሳል፣ ወይም ደግ አክስት ጥብስ ጠቅልላ ታጎርሰዋለች። አንድ ጊዜ ይህ በልጇ ላይ ደርሶ የቤቱ እመቤት ከእርሷ በላይ መደንገጧን፣ እርሷም በዚህ ምክንያት ወዳጅነታቸው እንዳይሻክር ቶሎ ብላ ነገሩን ማብረዷን ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እናቶች ተነጋግረው፣ ልጆቹ በሚገናኙበት ቀን ለሁሉም የሚሆን ብቻ ይሠራል፤ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ሲገኝም ከሐይቅ የመጣ ዓሣ። በጾም ቀን ደግሞ የሙስሊሟ ቤት ጾሙን አስባ ቅቤ ያልገባበት ታሰናዳለች። ልጆቹ መለየታቸውን ሳይሰማቸው ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

17ኛው መልስ ይህን ተከትሎ የመጣ ነው። አንድ የቁርኣን ቤት አስተማሪ፣ ነቢዩ ሙሐመድ ከእርሳቸው ጋር ይበላ የነበረን፣ እጁን በሳህኑ ዙሪያ የሚያዞር ልጅ፣ የአላህን ስም ጥራ፣ በቀኝህ ብላ፣ ከፊትህ ብላ ብለው እንዳስተማሩት አስታወሱ። ያተኮሩት ልጁ ገበታው ላይ አብሮ መቀመጡና በቁጣ ሳይሆን በሦስት አጭር ነገር መታረሙ ላይ ነው። የትሪ ጨዋነት ልጅን ከትሪ በማራቅ አይለመድም የሚለው ሐሳባቸው፣ ልጆች ትልልቆቹ እስኪነሡ ቆመው መጠበቅ አለባቸው ከሚለው ከቀድሞው ልማድ ጋር ይጋጫል፤ እኔ ግን የእርሳቸውን እመርጣለሁ። የዶሮ ወጥ ትሪ ላይ እንቁላሉ በእንግዳ ቁጥር ተቆጥሮ በሚወጣበት ጊዜ የ4 ዓመት ልጅ እጁን መሐል ድረስ ቢሰድ የሚደንቅ አይደለም። አንዱን አንሥቶ ፊቱ ማስቀመጥና የአንተ ይኸ ነው ማለት ይበቃል።

18ኛዋ ጸሐፊ የሁላችንንም መልስ ከላይ እስከ ታች አንብባ አንድ ነገር እንዳስቆጣት ገለጸች። ልጅ ያጎርሱ፣ ምሳ ዕቃ ይያዙ፣ ስልክ ይደውሉ፣ ይጠብቁ የተባሉት ሁሉ እናቶች ናቸው። አባቶች በዚህ ሁሉ መሐል የት እንዳሉ ጠየቀች። ከዚያ በየቤቱ ያለውን እንዲህ ስትል ሣለችው፦ እጅ ታጥበው ሁሉም ትሪውን ይከባሉ፤ እናትየዋ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በቀኝ እጇ እየጠቀለለች ታጎርሰዋለች፣ በግራዋ ውሃ ትይዝለታለች፣ ሲደፋ ትጠርጋለች፤ ልጁ ጠግቦ ሲወርድ የእርሷ ፊት ያለው እንጀራ ጠርዙ ደርቋል፣ በደሴ ብርድ የወጡ ቅቤ ረግቶ ነጭ ሆኗል፣ ሌሎቹ እጃቸውን ታጥበው ቡና ቀርቧል። አባትየው ሲወጡ ምሳው እንዴት እንደነበር ያወራል።

ያነሣሁት ሐሳብ ልቡ ይኸው ነው፤ እርሷ ከእኔ በተሻለ አስቀምጣዋለች። ከቤት ሳይወጡ ይነጋገሩ ያልሁት ለዚህ ነው። አባት መጀመሪያ ልጁን ያብላ፣ እናት ትብላ፤ ወይም እናት ታብላና አቦሉን አባት ሳይጠጣ ልጁን ግቢ ይዞ ይውጣ። ተራው የማን እንደሆነ ካልተባለ በስተቀር ተራው ሁልጊዜ የእናት ይሆናል።

በ19ኛው መልስ አንድ አባት ራሱን ለመከላከል ሳይሆን ያጋጠመውን ለመናገር ጻፈ። ልጁን ለማጉረስ በተቀመጠ ቁጥር የቤቱ እመቤት ወይም ሌላ እንግዳ ሴት እየሮጠች መጥታ ልጁን ከእጁ ትወስዳለች፤ ወንድ ልጅ ሲያጎርስ ማየት እንደ ውርደት ይቆጠራል፣ ሚስቱም በዓይን ትወቀሳለች። 20ኛዋ መልስ ሰጪ ይህ እውነት መሆኑን አረጋግጣ፣ ጋባዦች አባትየውን እንዲተዉት ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ እናግዝ ብለን የምንነጥቀው ልጅ አባቱን ከኃላፊነቱ ያወጣዋል።

21ኛው መልስ ከሁሉም የተሳለ ነበር፤ ሊሆንም ይገባል። ጸሐፊዋ ከቧንቧ ውሃ ሠፈር ናት። ሁላችሁም ስለ ጋባዥና ስለ እንግዳ ትጽፋላችሁ፣ በመካከላችሁ ያለችውን የቤት ሠራተኛ ግን ማንም አልጠቀሳትም የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። እንግዳ በሚመጣበት እሑድ ከንጋት ጀምሮ እንጀራ ስትጋግር፣ ዕቃ ስታጥብ፣ ቄጤማ ስትጎዘጉዝ፣ እጅ ስታስታጥብ የዋለች፣ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ወጣት፣ እንግዶቹ ሲገቡ አምስት ልጅ ይጨመርላታል። ማንም አይጠይቃትም፤ ልጆቹ ወደ ጓሮ ሲወጡ የምታያቸው እርሷ እንደሆነች በዝምታ ይታሰባል። አንዱ ቢወድቅ የምትወቀሰውም እርሷ ናት። በእርሷ ዕድሜ ያሉ የእንግዳ ልጆች ሳሎን ስልክ ይዘው ተቀምጠዋል። ለዚህ መልስ የተሰጠ ተቃውሞ የለም። እኔ የምጨምረው፣ እንግዳ ሆነን ስንሄድ ልጃችንን ለሠራተኛዋ የመስጠት መብት ጋባዧም ልትሰጠን እንደማትችል ነው፤ የተቀጠረችበት ሥራ አይደለም። ልጄን አይታልኝ ነበር የምትል እንግዳ ስትወጣ አመስግና እጇ ላይ የሆነ ነገር ብታኖር ደግሞ ተገቢ ነው፤ ዋናው ግን አስቀድሞ አለመጫኑ ነው።

22ኛውና 23ኛው መልስ ስለ ተሰበረ ዕቃ ናቸው። አንዱ ጸሐፊ፣ የእንግዳ ልጅ በኳስ የመታው ቴሌቪዥን ስክሪኑ ተሰንጥቆበት በይሉኝታ ሳይናገር መቅረቱን፣ እንግዳውም ሳይጠይቅ መሄዱን በምሬት ጻፈ። ሌላው፣ እንግዳው እከፍላለሁ ማለት እንዳለበት፣ ጋባዡ ልጁን ክፉ አይንካው ብሎ ቢተወው እንኳ መጠየቁ ቅሬታውን እንደሚያወጣው መለሰለት። ጋባዦች ውድ መጫወቻና የሚሰበር ዕቃ ቀድመው ቁም ሣጥን ቢያስገቡ፣ እንግዶችም ያገለገለ ዳይፐር በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ቢወጡ እንደሚሻል ያሳሰቡም ነበሩ።

24ኛው መልስ ስለ መነሻ ሰዓት ነው። በወሎ ቡና ሦስተኛው ሳይጠጣ፣ ምርቃቱ ሳይሰማ መነሣት ባለቤቱን ያስከፋል። ከኮምቦልቻ የመጣው የ2ኛው መልስ አባት ተመልሶ፣ ልጆቹ ከደከሙና ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ በኋላ መውረድ እንደማይፈልግ፣ በረካውን ሳይጠብቅ ሲነሣ ግን በሞቴ ተቀመጥ እየተባለ እንደሚመሽበት ጻፈ። መፍትሔው ሲገቡ መናገር ነው፤ 10 ሰዓት ላይ እንነሣለን ብሎ ገና ሲቀመጥ የተናገረ ሰው ቡናው ለእርሱ ቀደም ብሎ ይፈላለታል።

በ25ኛው መልስ የአራዳዋ እናት ተመልሰው መጡ። ነርሷ የጻፈችውን አንብበው፣ ለሕፃንና ሐኪም ምግብ ለከለከለው ልጅ ምሳ ዕቃ መያዝ ምንም ነውር እንደሌለው ተቀበሉ፤ ቀድሞ ከተነገራቸውም አልጫውን በደስታ እንደሚሠሩ ገለጹ። ጤነኛ ሆኖ የሚመርጥ የ5 ዓመት ልጅ ግን በሰው ቤት ከቀረበው ቢያንስ አንድ ጉርሻ መቅመስ አለበት በሚለው ጸኑ። 4ኛዋ እናት በትሕትና አመስግና፣ ልጇ ሰው እያየው ቅመስ ሲባል ጉሮሮው እንደሚዘጋ፣ ያንን አንድ ጉርሻ ያስመለሰበት ቤት መኖሩን መለሰች።

በዚህ ነጥብ ከ4ኛዋ ጋር ነኝ፤ ለአራዳዋ እናት ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ። አዲስ ምግብ መልመድ ያለበት በራሱ ቤት ገበታ ላይ፣ ምንም እንግዳ በሌለበት ቀን ነው። እርሳቸው ገና አልተስማሙም፤ በቀጣዩ መልሳቸው የእርሳቸው ልጆች በሰው ቤት ቀምሰው እንደለመዱ ጽፈው፣ የ4ኛዋ ልጅ ምን ዓይነት አልጫ እንደሚወድ ጠይቀዋል።